የመስተዋቱና የሣጥኑ ነገር

የራያ ቆላ ሰው ከቤቱ ርቆ መንገድ የሚወጣው ወይ ለገበያ፣ ወይ ለለቅሶ፣ ወይ ለንግሥ ነው። ለልደት ወደ ላሊበላ፣ መስከረም 21 ቀን ለሚከብረው በዓል ወደ ግሸን ማርያም ስንቁን ቋጥሮ ዱላውን ይዞ ሲነሣ «ምን ልታይ ትሄዳለህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ የሚሄደው ሊሳለም መሆኑ የታወቀ ነውና። ለማየት ብቻ ብሎ ከቆቦ እስከ አዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ሰው ግን ለጎረቤቱ እንቆቅልሽ ይሆንበታል። ስለዚህ በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ማሽላው ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከዞብል ተራራ ወዲህ በሜዳው ላይ ካለች አንዲት አጥቢያ ሰባት ሰዎች «ቤተ መዘክር ልናይ ነው» ብለው በተነሡ ጊዜ፣ ከሸኚዎቹ አንዱ «እህሉ ቢተርፋችሁ ነው» ሲል ቀልዶባቸዋል።

ጉዳዩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በአጥቢያይቱ ዕቃ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ሣጥን አለ። በውስጡ ጥቂት የብራና መጻሕፍት፣ መጾር መስቀልና የእጅ መስቀሎች፣ ጽናዎች፣ ጸናጽልና ደግሞ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ አንድ ተካፋች የእመቤታችን ሥዕል ይገኙበታል። ሥዕሉን የዕጣን ጢስ አጥቁሮታል፤ ከአንድ መጽሐፍ ጠርዝ አይጥ በልታለች። ከዚህም በላይ ባለፈው ክረምት አንድ የማይታወቅ ሰው መጥቶ «ይህን የጠቆረ ሥዕል ስጡኝና በምትኩ አዲስ፣ ቀለሙ የሚያበራ፣ በጨርቅ ላይ የታተመ ትልቅ ሥዕል ላምጣላችሁ፤ ገንዘብም እጨምራለሁ» ብሎ ነበር። ሰውየውን አባረሩት፤ ነገር ግን ቃሉ በሰበካው ጉባኤ መካከል ቀረ። ገሚሱ «እንደ ታላላቆቹ ደብሮች ቤት ሠርተን በመስተዋት ውስጥ እናኑረው፤ እንግዳም ይየው» አለ። ገሚሱ ደግሞ «ለጸሎት የተሠራን ነገር ለዐይን ማሳያ አናደርግም፤ ከአባቶቻችን እንደ ተቀበልነው በሣጥኑ ይቆይ» አለ። ክርክሩ ቢረዝም፣ መስተዋቱን በዐይናቸው አይተው የሚመለሱ ሰዎች ይላኩ ተባለ። የተላኩትም ቄሰ ገበዙ፣ መሪጌታው፣ አንዲት እማሆይ፣ ከጉባኤው ሁለት ገበሬዎች፣ አንዲት መምህርትና አንድ ወጣት ዲያቆን ናቸው።

ሰባት መሆናቸውን ያስወሰነችው መምህርቲቱ ናት። ሌሎች «በአንድ ትልቅ አውቶቡስ ስድሳ ሰው ሆነን እንሂድ፤ ወጪውም ይቀልላል» ብለው ነበር። የቆቦ ገበሬ ይህን ለመመዘን ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከደጋው የሚወርደው የሆርማትና የጎሊና ጎርፍ ሳይከፋፈል ወደ እርሻ የገባ እንደ ሆነ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል እንጂ አያጠጣም፤ በቦይ ተጠልፎ በልክ የገባ እንደ ሆነ ግን ማሽላውን ያበቅላል። ስድሳ ሰው በአንድ አስጎብኚ ኋላ ሲከተል የፊተኞቹ ይሰማሉ፤ የኋለኞቹ የፊተኞቹን ጀርባ ያያሉ። ሰባት ሰው ግን በአንድ ሥዕል ዙሪያ ቆሞ ሁሉም ያያል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ሁሉም ለመናገር ይችላል። የዚህ ጥቅም በኋላ ታይቷል።

የመጀመሪያው ማረፊያቸው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነበር። ገዳሙ ቀድሞ ደሴት የነበረ፣ ዛሬ ግን ከየብሱ ጋር በተያያዘ መሬት ላይ ያለ፣ በውሃ የተከበበ ስፍራ ነው። ሴት ወደ ውስጥ ስለማትገባ እማሆይና መምህርቲቱ ከበር ቀሩ፤ አምስቱ ወንዶች ገቡ። አንድ መነኵሴ ተቀብለው የገዳሙን ቅርስ እያሳዩ፣ ያልታየውን ደግሞ በቃል እየነገሩ መሩአቸው። ከሁሉ ይልቅ ቄሰ ገበዙን የያዘው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ነገር ነው። ይህ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ሲሆን የራሳቸው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ መልክ ተሥሎበታል፤ ለገዳሙ የሰጡአቸው መጻሕፍትም በዝርዝር ተመዝግበውበታል። መነኵሴው እንዳስረዱት በጥንት ጊዜ ደብሩ ምን መሬት፣ ምን መጽሐፍ፣ ምን ንዋየ ቅድሳት እንዳለው የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ነበር፤ ከጽሑፉም በታች የሰረቀውንና የለወጠውን የሚያወግዝ ቃል ይጨመርበታል። ወንጌልን ሰው ስለሚፈራ መዝገቡም አብሮ ይፈራ ነበር።

ቄሰ ገበዙ ይህን ሰምቶ ዝም አለ። በእርሱ ዕቃ ቤት ያለው ሁሉ የተመዘገበው በእርሱ ራስ ውስጥ ብቻ ነበርና። ከርሱ በፊት በአባቱ ራስ ውስጥ ነበር።

ከበሩ በተመለሱ ጊዜ እማሆይ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ዲያቆኑ ያየውንና የሰማውን አንድ በአንድ ይነግራቸው ጀመር። እርሳቸውም በጥሞና ሰምተው «በግድግዳው ላይ ያያችሁት የእመቤታችን ሥዕል እንዴት ያለ ነው? ዐይኗ ወደ ልጇ ነው ወይስ ወደ እኛ?» ብለው ጠየቁ። ዲያቆኑ መሪጌታውን አየ፤ መሪጌታው ገበሬዎቹን አየ። ያስታወሰ አልነበረም። እማሆይ አልገሠጹአቸውም፤ «እንግዲህ በሚቀጥለው እኔ አያለሁ» አሉ እንጂ። አምስቱ ወንዶች ከዚያ ቀን በኋላ በሥዕል ፊት ሲቆሙ ቀደም ብለው ዐይኑን መመልከት የጀመሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

በአዲስ አበባ በመጀመሪያ የገቡት በስድስት ኪሎ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው። ቤቱ ገነተ ልዑል ይባል የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት ሰጥተውት በ1954 ዓ.ም. የተመረቀው ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ሆኗል። በላይኛው ፎቅ ከአገሪቱ የተሰበሰቡ የቅዱሳን ሥዕሎችና መስቀሎች ይገኛሉ። ከገበሬዎቹ አንዱ የንጉሡን መኝታ ቤት ሲያይ «አልጋው ከኔ ብዙም አይበልጥ» አለና መሪጌታው ዝም እንዲል በክርኑ ነካው።

ሰባቱን የመራችው አስጎብኚ ገና ወጣት ሴት ናት። ድምፅዋ ለስለስ ያለ፣ ቃልዋ ያልበዛ ነበረ። በፊት የነገረቻቸው ሕፃን የሚያውቀውን ነገር ነው፤ በአገራችን ጥንታዊ ሥዕል ደጋጎቹ በሁለት ዐይን ፊት ለፊት ሲያዩ፣ ክፉዎቹ በአንድ ዐይን በጎን እንደሚሣሉ። ከዚያ ግን ወደ ጠለቀው ገባች። ብዙዎቹ ሥዕሎች የተሠሩት በዋንዛ ሳንቃ ላይ መሆኑን፣ ሳንቃው በነጭ ልስን ከተለሰነ በኋላ ቀለሙ እንደሚገባበት አሳየቻቸው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ይኸውም ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ እንደ ነበረና በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ስሙ ተጽፎ እንደሚገኝ ነገረቻቸው። ይህ የሚያስደንቅ ነው፤ ከዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ስማቸው የቀረልን እጅግ ጥቂቶች ናቸውና።

እማሆይ ከሁሉ ይልቅ የቆዩት በአንድ የእመቤታችን ሥዕል ፊት ነው። እጆቿ ተደራርበው፣ በጣቶቿ መሐረብ ይዛ፣ ሕፃኑ መጽሐፍ ይዞ ሲባርክ ይታያል። «የኛዪቱ ናት» አሉ፤ «መሐረቧን እዩ!» አስጎብኚዋም ይህ መልክ ከ17ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ወዲህ በአገራችን እንደ ተስፋፋ፣ ምሳሌውም በሮም በቅድስት ማርያም ዐቢይ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥዕል እንደ ሆነና ቅጂውን ኢየሱሳውያን እንዳመጡት ነገረቻቸው። መሪጌታው ፊቱን አጠቆረ፤ የኢየሱሳውያን ስም በሱስንዮስ ዘመን ስለ ፈሰሰው ደም በጎ አያስታውስምና። እማሆይ ግን «ከየትም ትምጣ፤ ነጠላ ያለበሷት የኛ ሠዓሊዎች ናቸው» አሉ። በእውነትም ሥዕሉን ልብ ብሎ ያየ ሰው የሮሙ መልክ በኢትዮጵያዊ እጅ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ያስተውላል፤ ዐይኖቹ ሰፍተዋል፣ ጥላው ጠፍቷል፣ ቀለሙ ደምቋል፣ በሁለቱ ወገን ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፍ ይዘው ቆመዋል።

ቀጥሎ በሆነው ነገር አስጎብኚዋ ተማሪ ሆነች። በአንድ ተካፋች ሥዕል ፊት ቆማ «የዚህ ታችኛው ክፍል ተጎድቷል፤ ቀለሙም ለቅቋል» ስትል ቄሰ ገበዙ ጎንበስ ብሎ አየና «አልተጎዳም ልጄ፤ ተስሞ ነው» አላት። ሥዕሉ በበዓል ቀን በቄስ እጅ ተይዞ በሕዝቡ መካከል ሲዞር፣ ሰው ፊቱን ደፍሮ ስለማይስም ከግርጌ ከልብሷ ዘርፍ እንደሚስም፣ ሕፃናትም እንደ ቁመታቸው ከዚያው ከታች እንደሚደርሱ አስረዳት። ከሁለት መቶና ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የመጣ ከንፈር ሁሉ በዚያች በአንዲት ስፍራ ዐርፎአል። አስጎብኚዋም ከኪስዋ ደብተር አውጥታ ጻፈች። እማሆይ በዚህ ጊዜ ነው ወደ መስተዋቱ ቀርበው የሳሙት። ጠባቂው ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ከዚያም መልሶ ተቀመጠ። እነርሱ ወደ ሌላው ክፍል ካለፉ በኋላ መጥቶ መስተዋቱን በጨርቅ ጠረገው።

እስከዚህ ድረስ የመስተዋቱ ወገኖች እያሸነፉ ነበር ማለት ይቻላል፤ በዚያ ቤት ጢስ የለ፣ አይጥ የለ፣ ዝናብ የለ። መሪጌታው ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ይህ ሥዕል የማን ደብር ነው?» አስጎብኚዋ ከሥዕሉ በታች ያለውን ጽሑፍ አየች፤ ዘመኑና የተሠራበት ነገር እንጂ የደብሩ ስም አልነበረበትም። በእውነቱ ቃል ነገረቻቸው፤ ተቋሙና ወዳጆቹ ብዙውን ሥዕል ያዳኑት ከነጋዴ እጅ በመግዛት ነው፤ ባይገዙት ኖሮ ወደ ባዕድ አገር ይሄድ ነበር፤ ነጋዴውም ከየት እንዳመጣው አይናገርም። መሪጌታውም «ደብሩ የማያውቀው ሥዕል፣ ሥዕሉ የማያውቀው ደብር» ብሎ ዝም አለ። ሁለቱ ገበሬዎች ባለፈው ክረምት የመጣውን ገዢ አስታውሰው እርስ በርሳቸው ተያዩ።

በዚህ ላይ መምህርቲቱ የመቅደላን ነገር አነሣች። ለወሎ ሰው መቅደላ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ድል ከነሣ በኋላ ከአምባው የወሰደውን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት የተሸከሙት 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች መሆናቸው ተጽፎአል። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሥልጣን የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ አብሮ ዘምቶ ነበር፤ ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን፣ ነገሥታቱ ለጦርነት ሲወጡ ያስይዙት የነበረውን የጌታ ሥዕል ግን የወሰደው ለመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ለራሱ ነው። በሙዚየሙም እስከ ዛሬ 11 ታቦታት አሉ። ከቤቱ ሠራተኞች ማንም አያያቸውም፤ ለሕዝብም አይገለጡም፤ ወደ ተቀመጡበት የሚገቡት የኛ ካህናት ብቻ ናቸው። ሕጋችንን አክብሮ መሸፈኑን ያውቅበታል፤ የሚሸፍንላቸው ግን በመንበራቸው ላይ ሊሆኑ የሚገባቸውን ነው። በስኮትላንድ በኤድንበርግ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘው የመቅደላ ታቦት ግን በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል፤ አዲስ አበባም በእልልታ ተቀብላዋለች።

ቄሰ ገበዙ ደግሞ ከጎረቤታቸው ከላስታ ያለውን ጨመረ። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ነበር። የተሰረቀው ከመስተዋት ቤት አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። በአንድ የቤልጅግ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ሊመለስ የቻለው መልኩን ዓለም ሁሉ አስቀድሞ ያውቀው ስለ ነበረ ነው። «የኛዪቱ ሥዕል ብትሰረቅ» አለ ቄሰ ገበዙ፣ «የኛ መሆኗን የምንመሰክረው በምንድር ነው?»

በማግሥቱ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ ሄዱ። የዚያ ቤት መሪ ዲያቆን ነው፤ ወደ ቤተ መዘክሩ ከማስገባቱ በፊት ወደ ካቴድራሉ ወስዶ አሳለማቸው። ንግሥት ዘውዲቱ በየካቲት 1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የነገሡበት፣ ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ያቃጠሉት፣ ከነጻነት በኋላ የታደሰው ይኸው ካቴድራል ነው። በቤተ መዘክሩ ዘውድ፣ መስቀል፣ መቋሚያ፣ ጥላና የነገሥታቱ የሥርዓተ ንግሥ ልብስ ይታያል። ገበሬዎቹ ይህን ቤት ከሁሉ አስበልጠው ወደዱት። ምክንያቱን ሲጠየቁም «ዕቃው ከቤቱ አልወጣም፤ ደጁም ቅርብ ነው፤ አይተህ ስትጨርስ ትሳለማለህ» አሉ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት በትልልቅ መጻሕፍትም አይገኝ ይሆናል። ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ሄደው የመስኮት ሥዕሎቹን አዩ፤ ፀሐይ በቀለሙ አልፋ በእማሆይ ነጠላ ላይ ቀይና ሰማያዊ ስትጥል ዲያቆኑ ከሥዕሉ ይልቅ ነጠላውን ሲመለከት ዋለ። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ።

የሰበካው ጉባኤ ተሰብስቦ ቃላቸውን ሲሰማ፣ መስተዋት ያሉትም ሣጥን ያሉትም የሚሹትን አላገኙም። መስተዋት ቤት ለመሥራት ገንዘብ አልነበረም፤ ሣጥኑም እንዳለ ይቆይ ማለት ለአይጥ መፍረድ ነው። ተላኩት ይዘውት የመጡት ሐሳብ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ቁመቱና ስፋቱ ተለክቶ፣ ስብራቱና ጠባሳው ሳይቀር ተጽፎ፣ የሰጠው ሰው የታወቀ እንደ ሆነ ስሙ ተጨምሮ፣ ፎቶግራፉም ተነሥቶ በሁለት ቅጂ እንዲቀመጥ፤ አንዱ በአጥቢያው፣ አንዱ በወረዳው ቤተ ክህነት። አንዳንድ ሽማግሌዎች ግን «የቤተ ክርስቲያንን ገመና በወረቀት መዘርዘር ለሌባ መንገድ መምራት ነው» ብለው ተቃወሙ። ነገሩ ፍሬ የሌለው ስጋት አልነበረም፤ ዝርዝር በክፉ እጅ ሲገባ የገበያ ማስታወቂያ ይሆናልና። ቄሰ ገበዙ ስለ ሐይቁ ወንጌል ተነሥቶ ተናገረ፤ «አባቶቻችን የጻፉት ከኛ ይልቅ ሌባ ስላልነበረባቸው ነውን?» ሲልም ጠየቃቸው። ለሁለት ሳምንት ያህል ዲያቆኑ እየጻፈ፣ መምህርቲቱ በስልኳ ፎቶግራፍ እያነሣች፣ እማሆይ የእያንዳንዱን ዕቃ ታሪክ እየነገሩ 34 ዕቃ ተመዘገበ። ሣጥኑም ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ መደብ ላይ ተቀመጠ። ሥዕሏ በየወሩ በ21 እንደ ቀድሞው እየወጣች ትሳማለች፤ ከግርጌዋ ብቻ ቀጭን ነጭ ጨርቅ ተደረገላት። ስለ ጨርቁ እስከ ዛሬ የሚያጕረመርሙ አሉ።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰላሙ ስምምነት እስኪፈረም ድረስም ከተማይቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፤ ብዙ ሰው አለቀ፣ ብዙ ቤት ተዘረፈ። ጦርነቱ በቀረበ ጊዜ ቄሰ ገበዙ ሣጥኑን ከፍቶ ዕቃውን ለታመኑ ቤተ ሰቦች አከፋፈለ፤ በመዝገቡ ኅዳግም ማን ምን እንደ ወሰደ በእርሳስ ጻፈ። ያን ጊዜ አንዳንዱ ዕቃ ከጤፍ ጎተራ ውስጥ፣ አንዳንዱ ከማሽላ ክምር ሥር፣ ሥዕሏ ደግሞ በአንዲት መበለት ቤት በሕፃን አንቀልባ ተጠቅልላ ከረመች።

ሰላም ከሆነ በኋላ ሰዎቹ የተሰጣቸውን ይዘው አንድ በአንድ ሲመጡ ዲያቆኑ መዝገቡን እየገለጠ ቆጠረ። 33ቱ ተመለሱ። የቀረችው በተራ ቍጥር 19 የተመዘገበችው ከነሐስ የተሠራች የእጅ መስቀል ናት፤ የያዛት ገበሬ ቤቱ በተቃጠለ ጊዜ ከቤቱ ጋር ጠፍታለች፤ ከፍርስራሹ ግን አልተገኘችም። መሪጌታው በስሟ አንጻር «ጠፋች» ብሎ ሊጽፍ ብዕር አነሣ። ቄሰ ገበዙ እጁን ያዘውና «ያለችበት አልታወቀም በል» አለው። እንዲሁ ተጻፈ።

በዚያው ዓመት በጋ ዲያቆኑ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ የመስቀሏን ፎቶግራፍ ይዞ ስድስት ኪሎ ወጣ። አስጎብኚዋ ከአራት ዓመት በፊት የጻፈችበትን ያንኑ ደብተር አወጣች። ምናልባት አንድ ነጋዴ ለሽያጭ ይዟት ይመጣ እንደ ሆነ ብላ፣ ዲያቆኑ ከመዝገቡ ያነበበላትን ቃል በቃል ገለበጠች፤ ቁመቷ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት፣ ከግራ ክንዷ ጫፉ የተሰበረ፣ መያዣዋ በመዳፍ ብዛት የላገ፣ ደብሯም እገሊት፣ አገሯም ራያ ቆቦ።